አላመመውም

እናቴ አባቴን የምትፈራው ይመስለኝ ነበር።

ፀሐይ ወደ ጊቤ በኩል ማዘቅዘቅ ስትጀምር አባቴ ከቢሮ ይመለስና ደጃፋችን ላይ ባለችው በርጩማ ቁጭ ይላል። እናቴ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ ትመጣና ከፊቱ ትንበረከካለች። ውሃውን አስቀድማ በክርኗ ትለካዋለች። ከዚያ እግሮቹን በተራ ታጥባለች፤ የጣቶቹን መሐል በንጹሕ ጨርቅ ታደርቃለች፤ ውስጥ እግሩን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ በአውራ ጣቷም እየጫነች ትዳብሳለች። በመጨረሻ ቅቤ ነካ አድርጋ ተረከዙን ታሸዋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ ጋዜጣ ካለ ጋዜጣ ያነባል፤ ከሌለ መንገዱን ያያል።

የባል እግር ማጠብ ያኔ ብርቅ አልነበረም። ከመንገድ የመጣ እንግዳም እግሩ ይታጠብለታል። የኔ እናት ግን ታጥባለች አይባልም፣ ትፈትሽ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳታጓድል ስታደርገው የሰፈሩ ሴቶች ያሟት ጀመር። «ያ ዝምተኛ ጸሐፊ ቤት ውስጥ ነብር ነው መሰለኝ» ሲሉ በአጥር ቀዳዳ ሰምቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሰማሁ ማግስት ባል እንደማላገባ ለጓደኞቼ አስታወቅሁ።

አባቴ ያረጋል ይባላል። የቡልጋ ሰው ነው፤ ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ የተዛወረው እኔ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ቢሮው ዛሬ የለም፣ ጠባዩ ግን የትም አለ። የእጅ ጽሑፉ ዶቃ የተሰካ ይመስላል እያሉ ከሌላ ቢሮ ሳይቀር ደብዳቤ እንዲገለብጥ ይለምኑት ነበር።

የእግር ማጠቡ ነገር የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አባቴን ውሃ ጥም ያዘው። እንስራ ሙሉ ውሃ ቢጠጣ አይረካም፤ ልብሱ ላዩ ላይ ሰፋ፤ አጥር ጥግ ሽንቱን በሸና ቁጥር ጉንዳን ይሰበሰባል። ጉንዳኑን ያየችው እናቴ ናት። በሳምንቱ የጭነት መኪና ረዳት ለምና፣ እኔንም አንጠልጥላ፣ እምድብር ሚስዮን ክሊኒክ ይዛው ሄደች።

እዚያ ያገኘናት ነጭ መነኩሲት አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነበር። የአባቴን ሽንት ጥቂት ጠብታ ሰማያዊ ውሃ ባለበት ጠባብ ብርጭቆ ጨመረችና በእሳት አፈላችው። ዓይኔ እያየ ሰማያዊው አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው የሸክላ ጡብ መሰለ። ከዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። መነኩሲቷ ግን ብርጭቆውን አስቀምጣ እናቴን ነው የጠራቻት።

«ስኳር» አለች። «ክኒን ይበላል። ማር፣ ጠላ፣ የለም። እግር…» ቆም ብላ ቃል ፈለገች፤ ጣቷን መጀመሪያ በዓይኗ ላይ፣ ቀጥሎ በጫማዋ ላይ አሳረፈች። «እግር እንደ ዓይን። ጫማ ሰፊ። በየቀኑ ማየት። እሱ አይደለም፣ አንቺ!»

«እሱስ ለምን አያይም?» አለች እናቴ።

«እሱ አይሰማም» አለች መነኩሲቷ።

ጆሮው ሊደነቁር ነው ብዬ ገባኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ጮክ እያልኩ አወራሁት። እሱም እየሳቀ ይመልስልኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ ከመኪና ጎማ የተሠራ ሰፊ በረባሶ ያደርግ ጀመር፤ እናቴ ጎማው እንዳይፋቅበት ውስጡን በለስላሳ ቆዳ ለብጣለታለች። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ክራባቱ የታሰረ፣ እግሩ ላይ ግን የጎማ በረባሶ። ስለ በረባሶው አፍር ነበር። የጓደኞቼ አባቶች ገበሬዎቹ እንኳ ለበዓል ቆዳ ጫማ ያደርጋሉ።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ዓመት፣ በ1960 መስከረም፣ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ዳምጤ በቡታጅራ መንገድ ላንድሮቨሩን ገለበጠ። እግሩ ከብረቱ ሥር ገብቶ ተሰባበረ። አዲስ አበባ ወስደው ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። የገና በዓል ሳይደርስ በክራንች ተመልሶ መጣ፤ ቁስሉ ጥርቅም ብሎ ድኗል። መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ዳስ ተጣለ፤ ክትፎው ቀረበ። እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን አየን።

የመሥሪያ ቤቱ ሹም አቶ ሸዋንግዛው ተነሥተው ንግግር አደረጉ። ወፍራም፣ ድምፃቸው የሚያምር፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ የሚያምናቸው ሰው ነበሩ።

«ይህ ወንድ ለመንግሥቱ ሥራ እግሩን ሰጠ!» አሉ። «ሐኪሞቹ እንደነገሩኝ መጋዙ አጥንቱን ሲነካ አንዲት ጊዜ እንኳ ዋይ አላለም። አላመመኝም ነው ያለው! ጡረታው ይከበርለታል፤ ካሳውም ይሰጠዋል።»

ሰው አጨበጨበ። ዳምጤ አንገቱን ደፋ። ቆይቶ እቤታችን ቁጭ ብሎ እንዳጫወተን፣ በዚያ ቀን ያፈረው ሁለት ነገር አስታውሶ ነው፦ አንደኛ መኪናዋን ሲገለብጥ ሰክሮ ነበር፤ ሁለተኛ ሲቆርጡት ማደንዘዣ ተሰጥቶት እንቅልፍ ላይ ነበር። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመቴ አጥሩ ላይ ሆኜ የተማርኩት ሌላ ነው። ወንድ ልጅ እግሩን ለመንግሥት ይሰጣል፤ አላመመኝም ይላል፤ ይሸለማል።

ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣሉ ተባለ። የወልቂጤ አጥር ሁሉ ኖራ ተቀባ። ትምህርት ቤት መዝሙር አጠናን። አቶ ሸዋንግዛውም ሠራተኛው በሙሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ጫማ አድርጎ እንዲሰለፍ አዘዙ። ጫማው በካርቶን ተጭኖ መጣ። የአባቴ ቁጥር አርባ ሦስት ነው፤ የመጣው ትልቁ አርባ አንድ።

አባቴ የመነኩሲቷን ወረቀት ይዞ ሹሙ ዘንድ ገባ። እኔ ምሳውን ላደርስ ሄጄ ደጅ ቆሜ ነበር።

«ሰፊ ጫማ እንዳደርግ በሐኪም ታዝዤአለሁ፣ ጌታዬ» አለ አባቴ።

«ምንድነው በሽታህ?»

«ስኳር ነው።»

«ስኳር!» አቶ ሸዋንግዛው ሳቁ። «እሱ እኮ የባለጸጋ በሽታ ነው። አንተ ከየት አመጣኸው? ያረጋል፣ በክቡርነታቸው ፊት በጎማ ቆመህ ልታዋርደኝ ነው? ቆዳ ይለጠጣል። ቤትህም እያደረግህ አለማምደው። ካልሆነ ሌላ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አላጣም።»

አባቴ ጫማውን በብብቱ ይዞ ወጣ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ዘለልኩ። በመጨረሻ የሰው ጫማ ሊያደርግ ነው!

እናቴ ብትኖር ኖሮ የዚያን ቀን ጉድ ይፈላ ነበር። ግን እህቷ ቡታጅራ ላይ ሞታባት ለቅሶ ሄዳለች፤ እስክትመለስ ስምንት ቀን ቆየች። እኔን የምታበላኝና የምታስተኛኝ ጎረቤታችን ዘይባ ነበረች፤ ከቡታጅራ መጥታ ወልቂጤ ጨርቅ የምትነግድ መልካም ሴት። የአባቴን እግር ግን ዘይባ አታጥብም፤ ነውር ነው።

አባቴ እንደታዘዘው ጫማውን እቤት ውስጥ ሳይቀር አደረገ። እኔ ቀለም እቀባለታለሁ፤ በጨርቅ እወለውላለሁ፤ እሱ በክፍሉ ውስጥ እንደ ወታደር ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ያስቀኛል። «እንዴት ነኝ ፀዱ?» ይላል። «ባለሥልጣን!» እለዋለሁ።

በአቀባበሉ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ተሰለፍን። እንግዳው የመጡት ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከመዝሙር ክፍላችን አራት ልጅ ወደቀ። አባቴ ከመንገዱ ማዶ ከሠራተኞቹ ጋር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌሎቹ እግራቸውን እያነሡ ያፍታታሉ፤ አንዳንዶቹም ተረከዛቸውን ከጫማው አውጥተው ያሳርፋሉ። እሱ ንቅንቅ አላለም። ከሁሉም ጎበዝ የኔ አባት ነው ብዬ ኮራሁ። እንግዳው መኪናቸውን እንኳ ሳያቆሙ እጃቸውን እያወዛወዙ አለፉ።

እቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የግራ እግሩ ካልሲ እርጥብ ነበር።

«ላብ ነው» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ውስጥ እግሩን ለማየት ሞከረና ተወው። «እስቲ ፀዱ፣ እይልኝ። ምን አለ?»

አየሁለት። ከአውራ ጣቱ ሥር ቆዳው ተልጧል፤ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ፣ የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር አለ። ጣቴን አስጠጋሁና ነካሁት።

«ያምሃል?»

«ኧረ ምንም!»

«እንግዲያው ምንም የለም» አልኩት። እሱም አመነ፤ እኔም አመንኩ። ማግስቱንም፣ ከማግስቱ ወዲያም ያንኑ ጫማ አድርጎ ሥራ ገባ። ሹሙ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እንዲደረግ አዘው ነበር።

እናቴ ተመልሳ መጥታ በሩን ከፍታ እንደገባች በአፍንጫዋ ነው ያወቀችው። ሻንጣዋን ጣለች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ የአባቴን እግር ይዛ ካልሲውን ገፈፈች። ከዚያ የጮኸችው ጩኸት ዘይባን ከነልጆቿ አመጣት።

«ማን ነው ያደረገብህ?» አለችው። «ማን ነው እዚህ ውስጥ የከተተህ?»

«አላመመኝም እኮ፣ ወርቄ» አለ አባቴ እንደ ጥፋተኛ ልጅ።

«እሱ አይደል ጉዱ! እሱ አይደል!»

ባል ሚስቱን ሳይሆን ሚስት ባሏን ስትቆጣ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ክፉ ሴት መሰለችኝ። ለቅሶ ሰንብታ መጥታ፣ ገና አዲስ ጫማ ቢያደርግ ቀናችበት አልኩ።

አዲስ አበባ ወሰዱት። መጀመሪያ አውራ ጣቱን ቆረጡ። አልደረቀም። ከቁርጭምጭሚቱ ቆረጡ። አሁንም ሥጋው እየጠቆረ ወደ ላይ ወጣ። በመጨረሻ ከጉልበቱ በላይ ወሰዱት። ዳምጤ አንዴ ተቆርጦ ዳነ፤ አባቴ ሦስቴ ተቆርጦ አራት ወር ሆስፒታል ተኛ። የሰፈራችን ሰው ይህን ልዩነት አይቶ ፍርድ ሰጠ። «ኃጢአቱ ነው ወደ ላይ የሚያባርረው» ተባለ። እናቴን ሲያንበረክካት የኖረበት ነው ያሉም ነበሩ። ሐሜቱ እኔም ጆሮ ገባ፤ ለጥቂት ጊዜ አምኜዋለሁ። ያን ሰው፣ በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ የማያውቀውን ሰው!

ዛሬ ሐኪሞች ሲያስረዱኝ ነገሩ ቀላል ነው። ስኳሩ የደም ሥሩን ጠባብ ያደርገዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ አይድንም። ጤነኛ ሰው እግሩን የሚያጣው እንደ ዳምጤ ዓለም ሲገለበጥበት ነው። ስኳር ያለበት ሰው በባቄላ ፍሬ ያጣዋል። ስለዚህ ነው ከጤነኛ ሰው ይልቅ እነሱ ብዙ እጥፍ የሚቆረጡት። ኃጢአት የለበትም። ጫማ ግን አለበት። ጫማውን ያዘዘ ሰውም አለበት።

አባቴ ገና ሆስፒታል ሳለ ሦስት ሰዎች እቤታችን መጡ፤ አቶ ሸዋንግዛው፣ ጥቁር ቦርሳ የያዘ የአዲስ አበባ ሰው፣ እና አቶ ሀብተወልድ። አቶ ሀብተወልድን አውቃቸዋለሁ፤ ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ነበር የሚሠሩት። እናቴ አባቴን ልታስታምም ሄዳለች። ዘይባ ሱቋ ናት። እቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ጎበዝ፣ ስምሽ ማነው?» አለ ባለ ቦርሳው።

«ፀዳለ ያረጋል።»

«ስለ አባትሽ ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው። እውነቱን ትነግሪናለሽ?»

ልቤ ዘለለ። የዳምጤ ዳስ ታየኝ፤ ጭብጨባው ተሰማኝ። ሊሸልሙት ነው! አቶ ሀብተወልድ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እርሳሱን በምላሳቸው አረጠቡ።

«አባትሽ ጥቁሩን ጫማ ሲያደርግ አሞኛል ብሎ ያውቃል?»

«በጭራሽ!» አልኩ።

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ። በሰልፉ ቀን ሰው ሁሉ ሲቁነጠነጥ እሱ ንቅንቅ አላለም። እኔ ራሴ ቁስሉን ነክቼ ጠይቄዋለሁ። አባባን ምንም አላመመውም!»

«እቤትም ያደርገው ነበር?»

«አዎ! በጣም ይወደዋል። እንደ ወታደር ይራመድበታል።»

ባለ ቦርሳው አቶ ሸዋንግዛውን አየ። አቶ ሸዋንግዛው ጣሪያውን አዩ። አቶ ሀብተወልድ ጻፉ። ቀና ሳይሉ ነበር የሚጽፉት፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ሲወጡ ባለ ቦርሳው ከረሜላ ሰጠኝ።

ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እኔንም ስኳሩ አገኘኝ። ሐኪሙ አልጋ ላይ አስተኝቶኝ ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ። «ስነካሽ አዎ በይ» አለኝ። ጠበቅሁ፤ ጠበቅሁ። «መቼ ነው የምትጀምረው?» ብዬ ዓይኔን ብገልጥ፣ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለች ቀጭን ነገር በውስጥ እግሬ ላይ ጎብጣ ቆማለች። ስድስት ቦታ ነክቶኛል። አንዱንም አልሰማሁም። የመነኩሲቷ «እሱ አይሰማም» ያን ጊዜ ገባኝ፤ በዘጠኝ ዓመቴ ያልኩት ቃል ምን እንደነበረም። አልጋው ላይ ተነሥቼ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሐኪሙ ስለ ራሴ ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ በደብዳቤ መጣ። አባቴ በክራንች ከተመለሰ በወሩ ነው። አንብቦ አጠፈው፤ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ከሥራ ተሰናበተ። ጡረታም ካሳም አልተሰጠውም። «ለምን?» ብዬ እናቴን ስጠይቃት ፊቷን አዞረች።

ዳምጤ በዚያ ሳምንት እቤታችን መጥቶ ክራንቹን ግድግዳው ላይ ወረወረ። «እኔን ብረት ቆረጠኝ፤ ያውም በገዛ ስካሬ!» አለ። «እሱን ያዘዙት ጫማ ቆረጠው። ለኔ ዳስ፣ ለሱ ስንብት? ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሄጄ ጡረታዬን ፊታቸው ላይ ነው የምወረውርላቸው!»

«ተው፣ ዳምጤ» አለ አባቴ። «ልጆችህ ምን ይበላሉ? ያንተ ማግኘት ጥፋት አይደለም። የኔ መከልከል ነው ጥፋቱ።»

አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሳንዱቅ ገልብጦ ተቀመጠና ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። ከቸሃ፣ ከጉብሬ፣ ከየገጠሩ መሬቱን የተነጠቀ፣ ከብቱ የተወሰደበት ገበሬ ሁሉ ወደሱ ይመጣ ጀመር። በዚያ ዶቃ በመሰለ ጽሑፉ ለሌላው ሰው አቤት ይላል። አቶ ሸዋንግዛው ሦስት ጊዜ በዘበኛ አስነሡት፤ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ። ስለ ራሱም በየዓመቱ አንድ ማመልከቻ ያስገባ ነበር። መልስ አልተሰጠውም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ወረቀት ሲያልቅበት ከሣጥኑ እንዳመጣለት ላከኝ። ደብዳቤውን ያኔ አገኘሁት። ከመሐሉ አንዱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ጫማው ለአመልካቹ ምንም ዓይነት ሕመም ያላስከተለ መሆኑን፣ ይልቁንም በገዛ ፈቃዱ በመኖሪያ ቤቱ ጭምር ያደርገው እንደነበረ የአብራኩ ክፋይ የሆነችው ልጁ ፀዳለ ያረጋል ያረጋገጠች ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል።»

ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ባሕር ዛፉ ሥር ደረስኩ። አባቴ እጄ ላይ ያለውን ሲያይ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ የቆመውን ገበሬ፣ «ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ» አለው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የበላሁህ!»

«ነይ እዚህ።» እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። «የተናገርሽው ቃል ሐሰት አለበት?»

«የለበትም፣ ግን…»

«እውነት የተናገረ ልጅ አይወቀስም። እናትሽን በማርያም አስምዬአት ነው ዝም ያለችው። አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ። እነሱ ዐዋቂዎች ናቸው፤ የሐኪም ማስረጃ ጠረጴዛቸው ላይ ነበረ፤ ቢጠይቁ ያስረዳቸው ነበር። ሐኪሙን ትተው የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ፍለጋ እቤቴ ድረስ የመጡት ለምን ይመስልሻል? እናትሽ የሌለችበትን ቀን መርጠው?»

ያን ጊዜ ነው ከራሴ ላይ አንሥቼ ቁጣዬን ቦታው ላይ ያስቀመጥሁት። እስከዛሬ አላነሣሁትም።

በ1965 ዓ.ም. የቀኝ እግሩም ቆሰለ። እናቴ በየቀኑ አጥባዋለች፤ በየቀኑ አይታዋለች። ነገር ግን የሰውነቱ ክብደት ሁሉ ለዓመታት በዚያ በአንዱ እግር ላይ አርፏል። አዲስ አበባ ልንወስደው ስንሰናዳ ትኩሳት ያዘው፤ በአራተኛው ቀን ኅዳር ላይ አረፈ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም።

ለቀብሩ የመጣው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ወደ መንገድ ፈሰሰ። ማመልከቻ የጻፈላቸው ገበሬዎች በአንድ ወገን፣ ዘይባና የእስላም ጎረቤቶቻችን ከአጥሩ ውጭ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከፊት። አቶ ሸዋንግዛው ጥቁር ለብሰዋል። የሕይወት ታሪኩን ለማንበብ የተመረጡት አቶ ሀብተወልድ ነበሩ።

«አቶ ያረጋል በተሰማሩበት ሥራ ሁሉ ታማኝ፣ ትሑትና ታታሪ ነበሩ» ብለው ጀመሩ። የትውልድ ቦታውን አነበቡ፤ ቡታጅራን አነበቡ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «በ1960 ዓ.ም. በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ በደረሰባቸው ጉዳት እግራቸውን አጥተው…»

«ቁም!»

እናቴ ናት። ከአልቃሾቹ መሐል ወጣች። ነጠላዋ ወድቋል፤ አላነሣችውም።

«እሱን ድገመው» አለች።

አቶ ሀብተወልድ ቄሱን አዩ፤ ሹሙን አዩ። «በ… በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ…»

«ወረቀቱን ስጠኝ።»

«እሜቴ፣ አሁን እኮ ቀብር ነው…» አሉ አቶ ሸዋንግዛው በዚያ በሚያምር ድምፃቸው።

«ቀብር መሆኑን አውቃለሁ። የምቀብረው እኔ ነኝ!» እጇን ዘረጋች። ዳምጤ በክራንቹ እየተንገታገተ መጥቶ ከአቶ ሀብተወልድ ጀርባ ቆመ። አቶ ሀብተወልድ ወረቀቱን ሰጧት።

ሰኞ ጠዋት እናቴ እኔን አስከትላ መሥሪያ ቤቱ ገባች። ወረቀቱን አቶ ሸዋንግዛው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ይህ የቢሮ ሰነድ አይደለም፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ» አሉ ሳይነኩት። «የለቅሶ ወረቀት ነው። ለለቅሶ የማይባል የለም።»

«ሲሞት በሥራ ላይ ተጎዳ፤ ሲኖር ግን በገዛ ፈቃዱ?» አለች እናቴ። «እናንተ ዘንድ እውነት የሚነገረው ለሬሳ ብቻ ነው?» መልስ አልጠበቀችም። ዞር ብላ በሩ ላይ የቆሙትን አቶ ሀብተወልድን አየች። «አንተ ነህ የጻፍከው። ሐሰት ነው?»

አቶ ሀብተወልድ ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨመደዱ።

«እውነት ነው» አሉ።

«ሀብተወልድ!» አሉ ሹሙ።

«እውነት ነው፣ ጌታዬ። ጫማውን እኛ ነን ያደረግንለት። እግሩ እንደማይሰማውም በሐኪም ተጽፎልን ነበር። የሐኪሙን ወረቀት መዝገብ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ መሥሪያ ቤት ያገኘነው ይህን ብቻ ነው። ጡረታው አልተፈቀደም። አቶ ሀብተወልድ በወሩ ሩቅ አገር ተዛወሩ። አቶ ሸዋንግዛው እዚያው ቆዩ። እናቴ ከዘይባ ጋር ጨርቅ እየነገደች አሳደገችኝ።

የዚያን ቀን ግን ከቢሮው ወጥተን በሩ ጋ ስንደርስ አቶ ሀብተወልድ ከኋላችን እየሮጡ መጡ።

«ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ!»

እናቴ ቆመች። «የኔስ ባል ሞቶ አርፏል» አለች። «የሰረቅኸው ግን የሷን ቃል ነው። እሷን ጠይቃት።»

አቶ ሀብተወልድ ወደኔ ዞሩ። በአባቴ ዕድሜ የነበሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። በመንገዱ ዳር፣ ገበያተኛው እያየ፣ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ አሉልኝ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

አሁን ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እውነቱን አምስት ዓመት ቢያዘገዩትም የተናገሩ ሰው እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ዐውቃለሁ። ይህን የነገርኳቸው ሁሉ ምነው ይቅር ባልሻቸው ኖሮ ይሉኛል።

«አልልም» አልኳቸውና የእናቴን ክንድ ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።